በሁዳዴ የወፈረች ሴት

በሁዳዴ የወፈረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔ ነኝ። ሌላው ሰው በጠጅና በጮማ ይወፍራል፤ እኔ በስግደትና በሽሮ ወፈርኩ። በቀን አንዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ያውም ቆጥቤ እየቀመስኩ፣ ሰው ሁሉ መቀነቱን በሚያጠብቅበት ወራት እኔ የቀሚሴን ስፌት አስፈታ ነበር።

ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ይህንንም የምጽፈው የራሴን ወሬ ለማውራት ሳይሆን፣ እማሆይ ብርቄ የሚባሉ አንዲት መነኩሲት ውለታ ስላለብኝ ነው። እማሆይ ወደ ቤቴ የገቡት እንደ ሌባ እጅ ከፍንጅ ሊይዙኝ ነበር። ምን ይዘው እንደ ወጡ ለመንገር ግን ከበሽታዬ መጀመር አለብኝ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባነው በደርግ ጊዜ ነው። የትልቁ ልጄ ዕድሜ ሳይደርስ ቁመቱ ለውትድርና ደረሰ። መልማዮች ደግሞ ቁመት እንጂ ዕድሜ አይጠይቁም። ስለዚህ ከመተማ ወደ ገላባት ተሻግረን በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገባን። ባለቤቴ ፋሽጋ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ ቤት የሚመጣው ለዓመት በዓል ነው። እኔ ሐጂ ኑሩ በሚባሉ የአገራችን ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥር ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። ሴቶች ክብ ሠርተን እንቀመጥና በወንፊት አፈሩን ከሰሊጡ እንለያለን። እጅ ተይዞ አፍ ሥራ ፈት የሚሆንበት ቦታ ስለሆነ፣ የገዳሪፍ አበሻ ወሬም እዚያው ይበጠራል። ከሁሉም ዝምተኛዋ እኔ ነበርኩ። ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ይቆጥሩልኝ ነበር። እኔም እንደዚያው።

በሽታዬ የጀመረው በብርድ ነው። ገዳሪፍ ላይ፣ በብርድ! አገሩን ለማያውቅ ልንገር። መጋቢት ሲገባ ዶሮዋ ጥላ ፍለጋ የቆመ ሰው እግር ሥር ትገባለች፤ ውኃ ከቧንቧ የሚወርደው ለሻይ ተዘጋጅቶ ነው። እኔ በዚያ ፀሐይ ጋቢ ደርቤ፣ የልጄን ካልሲ አጥልቄ እንቀጠቀጣለሁ። ሱዳናውያት ጎረቤቶቼ በሚከናነቡት ቶብ ጫፍ እያራገቡ ሲያልፉ ቆም ብለው አይተውኝ «መስኪና» ይላሉ። ከብርዱ ጋር እንቅልፍ መጣ። ወንፊቱን እንደያዝኩ አንቀላፋለሁ። ከእንቅልፉ ጋር ውፍረት መጣ። ይህን ጊዜ ጎረቤቶቼ ማዘኑን ተዉና ያደንቁኝ ጀመር። በእነሱ ዘንድ ሴት ማለት ሞላ ያለች ናት። «ማሻአላህ፣ ባልሽ ጥሩ ሰው ነው» ይሉኛል። ምን እንደምበላ በምስጢር የጠየቁኝም አሉ።

ጥሩ የተባለው ባሌ ግን ለፋሲካ ከፋሽጋ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የቤቱን እመቤት ጥሪልኝ ብሎ ለመነኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ድምፄ እንደ መሪጌታ ጎርንኖ ስለነበር፣ ከጀርባዬ ወንድ የተናገረ መስሎት አሻግሮ ወደ ጓዳ አየ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ።

ሐኪሙ ወጣት ሱዳናዊ ነበር። ዓረብኛውን ለእኔ ሲል እያዘገመ ይናገራል። አንገቴን ዳሰሰ፤ ደሜን ወደ ካርቱም ላከ። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጦ አስረዳኝ። አንገቴ ላይ ቢራቢሮ የምትመስል እጢ አለች። የሰውነትን ሙቀትና ፍጥነት የምታዘው እሷ ናት። የሰውነቴ ጠባቂዎች ግን ጠላት መስላቸው ይህችኑ የገዛ እጢዬን ይዋጓታል። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ እግዜር ነው የሚያውቀው አለኝ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። አብዮት ጠባቂ ማለት ነው፤ የገዛ ቀበሌውን ሰው ጠላት ብሎ የሚያስር። አብዮት ጠባቂን ሸሽቼ ድንበር ተሻገርኩ፤ ለካ አንዱ አንገቴ ውስጥ ተደብቆ አብሮኝ ተሻግሯል።

እጢዋ የነፈገችኝን የሚተካ ክኒን ሰጠኝ። ነጭ ናት፤ ከምስር ክክ አትበልጥም። በየቀኑ፣ ጧት፣ ምንም ሳትቀምሺ፣ በውኃ፣ ዕድሜ ልክሽን አለኝ። ዕድሜ ልክ ሲፈረድ እንጂ ሲታዘዝ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር። ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ክኒኗን በየጧቱ ዋጥኳት። ብርዱ ሄደ። እንቅልፉ ሄደ። ድምፄ ወደ ሴትነቱ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሥጋ በልቶ በሚወፍርበት ወራት እኔ ሥጋ በልቼ ከሳሁ። ጎረቤቶቼ፣ ባልሽ ምን ክፉ ሆነብሽ ብለው አዘኑልኝ።

በዚያው ወራት ነው ትርንጎ የለመነችኝ። ትርንጎ በመጋዘኑ በስተቀኜ የምትቀመጥ ልጅ እግር ሴት ናት። የእማሆይ ብርቄን ልጅ አግብታ ብዙ ዓመት ሳትወልድ ቆይታለች። አንድ ቀን ወንፊቷን አቆመችና፣ ማርያም አማልዳኝ ከወለድኩ ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ አለችኝ። ከስንት ጨዋ መካከል ለምን እኔን ብዬ ገረመኝ።

«ለምን አትወልጂም ብለሽ ያልጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ።

እኔ የወንዶች እናት ነኝ። አምስቱም ወንዶች። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ሴት ልጅ ሳላቅፍ ልሞት ነው ብዬ አንዳንዴ ለእመቤቴ አጉረመርም ነበር። ከወራት በኋላ የትርንጎ ሆድ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ ሴት እንደሆነች ማንም ሳይነግረኝ፣ በክርስትናዋ ቀን ለምለብሰው ቀሚስ ነጭ ጥለት ገዝቼ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ።

ከዚያ በፊት ግን፣ በዓለ ሃምሳ እንዳለፈ፣ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበር።

አሁን ቂልነቴን አንብቡ። ክኒኗን በእጄ ይዤ የመጀመሪያው የጾም ቀን ጧት ቆምኩ። ይህች ነገር በአፍ ትገባለች። በውኃ ትዋጣለች። በጧት። በአፍ፣ በውኃ፣ በጧት፤ ታዲያ ከቁርስ በምን ትለያለች? መለስኳት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዳልውጣት ደግሞ ሐኪሙ ጧት ብሏል፤ የታዘዝኩትን የማዛባ ሴት አይደለሁም። ሐኪሙን ልጠይቀው አሰብኩና፣ እስላም ነው፣ ስለ እኛ ጾም ምን ያውቃል ብዬ ተውኩት። የነፍስ አባቴን ልጠይቅ አሰብኩና እሱንም ተውኩት። ይከለክሉኛል ብዬ አይደለም። ይፈቅዱልኛል ብዬ ፈርቼ ነው። አንዴ ከተፈቀደልኝ፣ ተፈቅዶላት የምትበላ ሴት ልባል ነው።

ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ ሥርዓት ሠራሁ። ፍስክ ሲሆን እውጣለሁ፤ ጾም ሲሆን እተዋለሁ። የእኛን ጾም ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ረቡዕና ዓርብ አለ። ሐዋርያት አለ። ፍልሰታ አለ። ነቢያት አለ። ክኒኖቹን ከእመቤቴ ሥዕል ኋላ አስቀመጥኳቸው፤ እሷ እንድትጠብቃቸው። እሷም ጠበቀቻቸው፤ ብዙም አልጎደሉም።

ሐኪሙ ተቸገረ። ከጾም በኋላ ሲያየኝ አብጬ አንቀላፍቼ ያገኘኛል፤ አነሰ ይልና ክኒኑን ያከብደዋል። ያን የከበደውን በፍስክ ስውጠው ልቤ እንደ ባለቤቴ ትራክተር ይንደቀደቃል፤ እጄ ይንቀጠቀጥና ሰሊጡን ከወንፊቱ ውጭ እዘራዋለሁ፤ አጥንቴ ይወጣል። ደግሞ ይቀንሰዋል። ደግሞ ጾም ይገባል። በሙያው ተስፋ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም። ሰፊውም እንዲሁ። አንዱን ቀሚሴን ሲያሰፋና ሲያጠብ ከርሞ፣ በመጨረሻ መርፌውን አስቀምጦ፣ እመቤት፣ አንድ ነገር ላይ ቁረጪ አለኝ።

ሁዳዴ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ትርንጎ ተገላገለች። ሴት። መጋዘን ውስጥ እልል ሲባል እኔም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ግን ተመልሶ የመሪጌታ ሆኖ ነበር። በጭብጨባ ብቻ አጀብኩ።

ጾሙ በገፋ ቁጥር እኔም ገፋሁ። ፊቴ ሞላ። ጣቶቼ ሞሉ። ቀለበቴ አልወጣ አለ። ሴቶቹ ወገባቸው እየጠበበ፣ ክብ ሠርተን ስንቀመጥ የሚሰፋው የእኔ ቦታ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ሥራ ስንጨርስ፣ የሰሊጥ ጆንያ በሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ላይ እየወጡ ይሳሳቁ ጀመር። በጾሙ መጀመሪያም እንዲሁ ተመዝነን ነበር። አንዷ ቀለለች፣ ሌላዋ ቀለለች። እኔን ጎትተው አወጡኝና ሚዛኑ ሲረጋ ከብጄ ተገኘሁ። ሐጂ ኑሩ በዚያ በኩል ሲያልፉ ቆመው አዩ።

«ይኸ ጾም የእናንተው ነው?» አሉ። «ለበጎቼ አስተምሩልኝ እንጂ።»

ሳቁ። ሐጂ በክፋት አልተናገሩም። ነገር ግን ሁሉም ስቀው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ አሞኛል ብዬ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። እስከ ትናንት ጨዋነት የነበረው ዝምታዬ በዚያች ቅጽበት ጥፋተኝነት ሆነ።

ወሬው እግር አወጣ። አንዷ ማለዳ ስታላምጥ አየኋት አለች። ሌላዋ የባሰውን አገኘች፤ የአራሷን ገንፎ ነው የምትበላው አለች። እውነት ነው፣ ትርንጎን በየቀኑ እጠይቃታለሁ። እውነት ነው፣ እማሆይ በቅቤ ያገነፉት ገንፎ ሳህኑ ተጠርጎ ነው የሚመለሰው። የምትጠርገው ራሷ ትርንጎ ነበረች። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችውን ልጅ የምታጠባ እናት እንዴት እንደምትበላ ያያት ይመስክር። እማሆይ ግን ያዩት ሁለት ነገር ነው፤ ባዶ ሳህንና የእኔን ጉንጭ።

ትርንጎ አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። እማሆይ፣ ሁዳዴን የምትሽር ሴት የልጅ ልጄን ከውኃ አታነሣም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ ብለዋታል። ጾመኛ መሆኗን በዓይኔ ሳላይ እሺ አልልም ብለዋል።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ አልጠይቅሽም» አለችኝ። «አንቺም ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እንዲህ ያለች ልጅ ናት። ቤቴ ገብቼ ሣጥኑን ከፍቼ ነጩን ጥለት አየሁትና መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ እማሆይ መጡ። ቆባቸውን ደፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንግተው፣ ቁርበታቸውን ጠቅልለው። ጎጆዬ ሊያፈስ ስለሆነ እስኪከደን አስጠጊኝ አሉኝ። ገዳሪፍ ዝናብ የሚያየው በክረምት ነው፤ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ግሎ ነበር። ለምን እንደመጡ ገባኝ። እንደገባኝም ገባቸው። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» አልኳቸው። ቁርበታቸውን በጓዳው በርና በምድጃው መካከል አነጠፉ።

ያን የመሰለ ዘበኛ አይቼ አላውቅም። ሽሮ ሳማስል ከማማሰያው ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ውኃ ልቀዳ ስወጣ እግራቸውን ሊያፍታቱ ይወጣሉ። ሽንት ቤት ስገባ ደጁ ላይ ቆመው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ከቆየሁ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ወደ መጋዘን ስሄድ፣ የሰሊጥ ሥራ ማየት እወዳለሁ ብለው ተከትለውኝ መጡና ከአጠገቤ ተቀመጡ። በየጧቱ ደግሞ ገና በስመ አብ ብዬ ሳላበቃ ፊቴ ላይ ይቆማሉ።

«አፍሽን ክፈቺ» ይላሉ። «ጥርስ አውቃለሁ። እንዳይነቅዝብሽ ልየው።»

እከፍታለሁ። ያሸታሉ። ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። «ደህና ነው» ይላሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ቅር ያላቸው ይመስላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረን እንቀርባለን። ከእኔ ሁለት ጉርሻ ያነሰ በልተው እጃቸውን ሲሰበስቡ እኔም ሰበሰብኩ። በማግስቱ ከዚያም አሳንሰው ሰበሰቡ። እኔም ሰበሰብኩ። ማንኛችንም ሳንናገር እንዲህ ስንበላለጥ፣ ይቅርታ፣ ስንተናነስ ሰነበትን። እሳቸው እንደ መቋሚያቸው ቀጠኑ። እኔ ወፈርኩ።

እዚህ ላይ ነው እማሆይን የማደንቃቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ያሰበውን ባላገኘ ጊዜ የፈለገውን ፈጥሮ ይሄዳል። እሳቸው ግን ተቀምጠው ያዩትን አዩ። በቀትር ጋቢ ስደርብ አዩ። ወንፊቱን ታቅፌ ሳንቀላፋ አዩ። ጸጉሬ በማበጠሪያው ሲወጣ አዩ። አንድ ማለዳ ደግሞ አብረን ቆመን አቡነ ዘበሰማያት ስንል፣ እኔ መሐሉ ላይ ጠፋብኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየቀኑ ያልኩት ጸሎት። ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ቀጥሎ ያለው ነጭ ወረቀት ሆነብኝ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። በአፌ የቀረችኝ ጸሎት ብቻ ናትና።

እማሆይ ጸሎቱን ስለ እኔ ጨረሱት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ትተው ፊቴን አዩ።

«አንቺ ሴት፣ እየበላሽ አይደለም» አሉ። «የሚበላሽ ነገር አለ።»

ወደ እመቤቴ ሥዕል ዞሩና ሊሳለሙ ሥዕሉን ከግድግዳው ቀና አደረጉት። ከኋላው የክኒኑ ብልቃጥ ወደቀ። አነሡትና አወዛወዙት። ሙሉ ስለነበር ብዙም አልጮኸም።

«ምንድን ነው?»

«መድኃኒት።»

«የማን?»

«የእኔ።»

«ለምን አልተነካም?»

«ጾም ነው» አልኳቸው።

እማሆይ ብልቃጡን እንደያዙ ቁርበታቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲስቁ አይቼ ስለማላውቅ ያለቀሱ መሰለኝ። ስቀው ሲያበቁ ግን እውነትም ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ተነሽ» አሉኝ።

የነፍስ አባቴ ቤት ስንደርስ ነገሩን እማሆይ ተናገሩ። አባ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ማን ከለከለሽ?»

«ማንም» አልኩ።

«ማንን ጠየቅሽ?»

«ማንንም።»

አባ አስቀመጡኝ። መድኃኒት መብል እንዳልሆነ፣ ሰው በሽታውን እንዲያሳድግ ጾም እንዳልተሠራ በእርጋታ ነገሩኝ። ከዚያ፣ ያውቁኛልና፣ የፈራሁትን ፈቃድ አልሰጡኝም። ቀኖና ሰጡኝ። ሌላው ሰው ቀኖናው ስግደት ነው፤ የእኔ ክኒን መዋጥ ሆነ። በየጧቱ፣ ጾምም ይሁን ፍስክ፣ እስክሞት ድረስ። በምቆርብበት ቀን ብቻ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን አዘዙ። የታዘዝኩትን እንደማደርግ ስለሚያውቁ ሌላ ምክር አልጨመሩም። ወደ እማሆይ ዞረው ግን፣ እርስዎ ያዩልኛል አሏቸው።

እማሆይ በዚያ አልበቃቸውም። ሐኪሙም ይወቀው ብለው ክሊኒክ ድረስ መጡ። መቁጠሪያቸውን አውጥተው የጾሞቻችንን ሥርዓት ከሐዋርያት እስከ ነነዌ እየዘረዘሩ፣ እኔ በደካማ ዓረብኛዬ አስተረጎምኩ። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ታዲያ መቼ ነው የምትበሉት?» አለ።

ለእማሆይ ነገርኳቸው።

«በፋሲካ በይው» አሉ።

ሐኪሙ ሳቀ፤ ከዚያም ሳቁን አቆመ። በዚህ ዓይነት ብትቀጥይ ኖሮ አንድ ቀን ብርዱና እንቅልፉ ይዞሽ ይሄድ ነበር፣ አትነቂም ነበር አለኝ። ስጨምርና ስቀንስ የኖርኩት ለአንቺ ሳይሆን ለቀን መቁጠሪያችሁ ነው ብሎ፣ የመጀመሪያውን ቀላሉን ክኒን መልሶ ጻፈልኝ። እማሆይ ሲወጡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰገዱለት። እሱም ተነሥቶ እስከ በሩ ሸኛቸው።

ሆሳዕና ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዘንባባቸውን እየጠመዘዙ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። የመጋዘኑ ሴቶች በሙሉ አሉ። እኔ ገና ወፍራም ነኝ፤ ክኒን በሳምንት ተአምር አይሠራም። እማሆይ መቋሚያቸውን ተክለው መሐል ቆሙ።

«ይችን ሴት ልይዛት ቤቷ ገብቼ ከረምኩ» አሉ። «ጾም ትሽራለች ብዬ ያማኋት እኔ ነኝ፤ ከእናንተ የሰማሁትን እኔ አሳደግሁት። ያገኘኋት ግን መድኃኒቷን እንኳ የጾመች ናት። ጾሟ ከእኔ ይበልጣል። ልቧም ከእኔ ይበልጣል። ጭንቅላቷን ግን አባ ይዘውላታል።»

ሴቶቹ መሳቅና ማፈር እኩል መጣባቸው። እማሆይ ዞረው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ቀድሜያቸው ወደቅሁ። እሳቸው ሊያነሡኝ፣ እኔ እግራቸውን ልስም፣ ሁለታችንም ለመነሣት ሰው አስፈለገን። እኔን ለማንሣት ብዙ ሰው አስፈለገ።

እኔ ሳስበው፣ ሰውን በስውር ማማት ቀላል ነው። በአደባባይ ቆሞ ተሳስቻለሁ ያለ ሰው ግን ከእማሆይ በቀር አላጋጠመኝም። ያውም ማንም ሳይጠይቃቸው።

ፋሲካ አለፈ። በበዓለ ሃምሳ ሰው ሥጋ ሲበላ እኔ ደግሞ ከሳሁ፤ ይህን ጊዜ ግን በልክ ነበር። ልቤ አልተንደቀደቀም፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ጸሎቴም ከነመሐሉ ተመለሰልኝ። የትርንጎ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ደረሰና ለክርስትናዋ ነጩን ጥለት የያዘውን ቀሚስ ለበስኩ። በልኬ ያሰፋሁት በሁዳዴ መጨረሻ፣ ገና ወፍራም ሳለሁ እንደነበር የታወሰኝ ቤተ ክርስቲያን ከደረስኩ በኋላ ነው። ትከሻዬ ላይ አይረጋም። መቀነቴ ሁለት ጊዜ ዞሮኝ እንኳ ይንሸራተታል። አንዱን እጄን ለቀሚሱ እንዳልሰጥ ሕፃኗን የምቀበለው በሁለት እጅ ነው።

አባ ሕፃኗን ከውኃው አውጥተው ሲያቀርቡልኝ፣ ከኋላዬ አንድ ነገር ወገቤን ጠበቅ አደረገኝ። እማሆይ ናቸው። በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው የመቀነቴን ጫፍ ይዘው ቆመዋል። ሥርዓቱ እስኪያበቃ አልለቀቁም። እርጥቧን ልጅ ተቀብዬ አቀፍኳት። ሴት ልጅ። ሞቃለች። የእኔም እጅ ሞቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ እማሆይ በየማለዳው ይመጡ ነበር። ጎጆአቸው ሩቅ አልነበረም፤ ክዳኑም ደህና ነው። ክኒኔን ስውጥ ያያሉ፤ ቀጥለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ፊት ጎንበስ ይላሉ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

እከፍታለሁ። ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ።

«ወርዷል» ይላሉና ወደ ቅዳሴያቸው ይሄዳሉ።

ደርግ ወድቆ አገራችን ስንገባ እማሆይ አልነበሩም፤ ገዳሪፍ አፈር ውስጥ አርፈዋል። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። የክርስትና ልጄ አሁን የራሷን ቤት ይዛለች። እኔ ዛሬም በጾሙም በፍስኩም ማለዳ ተነሥቼ ክኒኔን በውኃ እውጣለሁ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሬ አፌን እከፍታለሁ።

ልጆቼ ሲያዩኝ የማዛጋ ይመስላቸዋል። አልነግራቸውም። ብዙ መናገር አይሆንልኝም።